አልጋው ላይ የወደቀው ዛፍ

ዛፉ አልጋቸው ላይ ከወደቀ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጣሪያውን ሰብሮ ገብቶ፣ ቅርንጫፉን ትራሱ ላይ ዘርግቶ፣ እንደ አባወራ ተኝቷል። የደን ጠባቂውን ሚስት የሚያቃጥላት ግን ዛፉ አይደለም፤ ባሏ ነው።

«አትንኪው» ይላታል። «የጋራው ደን ዛፍ ነው። ቢወድቅም ኮሚቴው ሳይለካውና ሳይፈርም መጥረቢያ አያርፍበትም።»

«አልጋዬ ላይ እኮ ነው የተኛው!»

«የትም ይተኛ።»

ሰውየው እንዲህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ደኑን ሲጠብቅ ለማንም ፊት ሰጥቶ አያውቅም። የገዛ ወንድሟን እንኳ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲጎትት ይዞት፣ ስሙን የጥፋተኞች ደብተር ላይ ጽፎ፣ ስብሰባ ፊት አቁሞታል። ደኑ ዛሬ ድረስ የቆመው በእሱ ግትርነት መሆኑን እሷም አትክድም። ግን ግትርነትም ልክ አለው!

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፤ ሰባቱም ካልተገኙ ፊርማ የለም። በየደጃቸው ስትንከራተት ሰነበተች። ሊቀመንበሩ «ነገ» አላት። ጸሐፊዋ «እሱ ካለ እኔ አለሁ» አለቻት። አናጺውን ጥርሱን አሞታል። የቀሩት እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ልጆቿ ኩሽና ውስጥ ተደራርበው ያድራሉ፤ ትንሿ ማሳል ጀምራለች። ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ በዚያ ቀዳዳ ከገባ የጭቃው ግድግዳም አብሮ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ትዕግሥቷ አለቀ። መጥረቢያውን አንስታ አልጋው ላይ ወጣችና ግንዱን መታችው።

«ተይ ብዬሻለሁ!»

ደገመችው።

ያኔ ባሏ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ፊሽካ ነፋ። ሌባ ሲያዝ የሚነፋውን፣ ረጅሙን።

ጉድ እኮ ነው! ለሦስት ቀን ልመና እግራቸውን ያላነሱ ሰዎች፣ ለአንድ ፊሽካ ዱላቸውን ይዘው ሲሮጡ መጡ። ሊቀመንበሩ እያለከለከ፣ ጸሐፊዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጥርሱን ያመመው አናጺ ደግሞ ሁሉንም ቀድሞ።

«ሌባው የታል?»

«እኔ ነኝ» አለች አልጋው ላይ እንደቆመች። ቆጠረቻቸው። «ሰባት ናችሁ፤ ሞልታችኋል። በሉ ለኩና ፈርሙ!»

ተያዩ። ለኩ፤ ፈረሙም። አናጺው መጋዝ ሊያመጣ ሮጠ።

«እነሱን ልሰበስብልሽ ብዬ እኮ ነው የነፋሁት» አለ ባሏ ቀስ ብሎ።

ልታምነው ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። ግን የጥፋተኞቹ ደብተር እጁ ላይ ተገልጧል፤ ስሟንም ከነአባቷ ጽፎ ጨርሷል።