ወረቀት ይዛ የምትመጣው ልጅ

ሰውዬው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ወጥቶ ሲያልቅ ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰዎች ቀሩ፦ ሴት ልጁ፣ የተፋታት ሚስቱ፣ ታላቅ እህቱና ሃያ ዓመት አብሮት መስታወት የቆረጠው ሸሪኩ።

«ተናገሪ እንጂ» አለች እናት በሹክሹክታ፣ የልጇን ጉልበት ነካ አድርጋ። «ዓርብ ያልፋል እኮ።»

«እማዬ፣ ዛሬ?»

«ታዲያ መቼ? ምዝገባው ካለፈ ዓመቱን ሙሉ ቤት ልትቀመጪ ነው? የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ምግብና መኝታ በእኔ፣ የትምህርት ክፍያ እስከ ኮሌጅ በእሱ። እኔ የእኔን አጉድዬ አውቃለሁ?»

አላጎደለችም። እሱም አላጎደለም። ልጅቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ውስጡ የመጨረሻው ዓመት የክፍያ ወረቀት አለ። ልትወስድለት ባሰበችበት ቀን ዋዜማ ነው የሞተው። ልቡ ነው አሉ፤ ሥራ ላይ እንዳለ ደከመኝ ብሎ ቁጭ አለ፣ በዚያው አልተነሳም።

አክስቷ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። ሹክሹክታው ጆሮዋ ገባ።

«ምንድን ነው ዓርብ የሚያልፈው?»

ዓይኗ የልጅቱ ቦርሳ ላይ አረፈ።

«ገባኝ። ወረቀት ይዛ ነው አይደል? ድሮስ ወረቀት ካልያዘች መቼ መጥታ ታውቃለች!»

«ኧረ እትዬ፣ አባቷ እኮ ነው የሞተባት» አለች እናት።

«የእኔስ ወንድም አይደል? አፈሩ ሳይደርቅ!»

የልጅቱ ፊት ጋለ። ያንገበገባት ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ወላጆቿ ሲለያዩ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ክፍያዋ በየወሩ በባንክ ይገባል፣ ሰውዬው ግን አይመጣም። እንዳልፈለጋት አውቃ አደገች። ኮሌጅ ስትገባ ደግሞ ክፍያውን በባንክ ላክልኝ ብትለው እምቢ አለ።

«ራስሽ ይዘሽው ነይ።»

ስለዚህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ወደ መስታወት ቤቱ ትሄዳለች። እጁን በጨርቅ ይጠርግና መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ወረቀቱን መስመር በመስመር፣ ጮክ ብሎ ያነባል።

«የላብራቶሪ። እዚያ ምን ትሠራላችሁ?»

«ደም እንመረምራለን።»

«የማንን?»

«የእርስ በርሳችንን።»

«ያማል?»

«አያምም፣ አባዬ።»

«እሺ። የተግባር ልምምድ። እሱስ የት ነው?»

እንዲህ እያለ አንዲት ገጽ አንድ ሰዓት ትፈጅበታለች። እሷ ቆማ፣ ግድግዳው ላይ በተደገፉት መስታወቶች ራሷን ታያለች፤ በሁሉም ውስጥ ተቆጥታለች። ያላመናት ይመስላት ነበር። «ያስለምነኛል» ትል ነበር ለእናቷ።

ሸሪኩ ጉሮሮውን ጠረገ። ቁመቱ የበር ጉበን ስለሚነካ ሠፈርተኛው ለቀልድ «ሚሊ» ይለዋል። ቃልም የሚያወጣው እንደ መስታወት በሚሊሜትር እየለካ ነው።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የእሱ። አምና እዚያ ኮሌጅ መስኮት ልንገጥም ሄደን፣ ልጄ እዚህ ነው የምትማረው ብሎ ለገንዘብ ያዧ ነገራት። ሴትየዋም ‹የዓመቱን ባንዴ ቢከፍሉ ከመቶ አሥር ይቀነስልዎታል፣ ልጅዎም አትመላለስም› አለችው። እምቢ አለ። ስንወጣ ‹አንተ ሰው፣ ገንዘብ ጠላህ እንዴ?› ብለው፣ ‹ባንዴ ከከፈልኩ በዓመት አንዴ ነው የምትመጣልኝ› አለኝ።»

አክስቷ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ቀረች።

«ነይ ቢለኝ እኮ እመጣ ነበር» አለች ልጅቱ። ብላ ስትጨርስ ግን ራሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

እናት አንገቷን ደፋች። «ስንፋታ ቅዳሜ ቅዳሜ ልያት ብሎኝ ነበር» አለች። «ተናድጄ ነበር። ‹ውሳኔው ላይ አልተጻፈም፣ የተጻፈውን ብቻ ፈጽም› አልኩት። ደግሞ አልጠየቀኝም።»

ልጅቱ እናቷን አየቻት።

«በይ ወረቀቱን አምጪ» አለ ሚሊ። «ከሱቁ ድርሻው አለ። የዓመቱን ባንዴ እንገላገለው።»

ቦርሳዋን ከፍታ ሰጠችው። እሱ ማንበብ ሳይጀምር፣ «የመጀመሪያውን ሴሚስተር ብቻ ይክፈሉልኝ፣ ጋሼ» አለች። «የሁለተኛውን ጊዜው ሲደርስ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ሚሊ ቀና ብሎ አያትና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

አክስቷ ብርጭቆዎቹን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ወደ ጥግ ፈቀቅ አለችና አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቀች። ልጅቱ በሩ አጠገብ እንደ እንግዳ ከተቀመጠችበት ወንበር ተነሥታ ሄዳ ተቀመጠች።

ሚሊ ሐሙስ ጠዋት ከፈለ። ልጅቱ ሐዘኑ እስኪነሣ እዚያው ሰነበተች፤ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ከአክስቷ ጋር እየተነሣች ትቀበል ነበር።