ለአባባ ያልደረሰው ጥፋት

መጋረጃ እሰፋለሁ። መኪናዬ ከኋላ እስከ ጣሪያዋ ጨርቅ ተጭና ነው የምትውለው፤ በመስታወት ወደ ኋላ ባይ የሚታየኝ ጥቅል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኙን የሚያይልኝ አባባ ነበር።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አንድም ቀን ሰው ስላልገጨ ሰፈሩ «ፍሬኑ» ይለዋል። ያኔ ረዳቱ በቀኝ በር አንገቱን አውጥቶ «ነፃ ነው!» ይለውና እሱ ይነዳል፤ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ የኔ ረዳት ሆነ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እያለ በየቀኑ ከጎኔ ይቀመጣል። እኔ ግራውን አያለሁ፣ እሱ ቀኙን። «ነፃ ነው» ካለ አንገቴን እንኳ አላዞርም። የአባቴን ቃል ምን ብዬ ልጠራጠር?

ያን ቀን ከገበያ ማዕከሉ መኪና ማቆሚያ ልወጣ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ።

«አባባ?»

«ነፃ ነው፣ ልቀቂው።»

ለቀቅኩት። ጓ! ከኋላዬ ካለው ረድፍ አንዲት አስተማሪ እሷም እንደኔው ወደ ኋላ እየወጣች ነበር። በቀኝ ጥጌ ገብታ የኋላ መብራቴን አረገፈችው።

«ዓይንሽ የት ነው?» ብላ ወረደች።

«ያንቺስ?» አልኳት። ምን ቆርጦኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ!

በሳምንቱ አንገቷን በድጋፍ ጠቅልላ ከሰሰችኝ።

የክሱ ወረቀት የደረሰኝ ማታ አባባ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። «ልጄ፣ በቀኝ ዓይኔ ሞራ ወርዶብኛል። ከጀመረኝ ቆየ። ቤት እንዳታስቀሪኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ» አለኝ። ብጮህበት፣ ሰሃን ብወረውር ደግ ነበር። እኔ ግን ድንዝዝ ብዬ ብርጭቆ ማጠቤን ቀጠልኩ። ያጠብኩትን መልሼ አጠብኩ።

አንድ ነገር ግን ወሰንኩ፦ ስሙን በችሎት አላነሳም። ፍሬኑን በሰው ፊት ዕውር አላሰኘውም፤ የመጣው ይምጣብኝ። ጠበቃዬም «ዕዳው ገብስ ነው፤ እሷም አላየችሽ፣ አንቺም አላየሻት። ይካፈላል» አለኝ።

በቀጠሮው ቀን አባባ ጫማውን አስጠርጎ፣ ክራባቱን አስሮ መጣ። ለሠርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው። እኔ ተነስቼ «አላየኋትም» አልኩና ተቀመጥኩ። አስተማሪዋም ስትጠየቅ፣ ከማቆሚያው ስትወጣ ቦርሳዋን ትጎረጉር እንደነበር አመነች። በቃ፣ አለቀ ብዬ ነበር። አባባ ብድግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ነኝ!»

«አባት፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አለች ዳኛዋ።

«አባቷ ነኝ። ቀኙን የማየው እኔ ነኝ፤ ነፃ ነው ያልኳትም እኔ ነኝ። ዓይኔ እንደማያይ ደብቄያታለሁ። እሷ እኔን አምና ነው የነዳችው። ጥፋቱን በኔ ያድርጉት።»

«አባባ፣ ተው» አልኩ።

ዳኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መሪውን የያዙት እርስዎ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችው።

«አልያዝኩም፤ ግን...»

«እንግዲያው ተሳፋሪ ነዎት፣ አባት። ማየት ያለበት የሚነዳው ሰው ነው፤ ተሳፋሪ አይጠየቅም። ይቀመጡ፣ አይጨነቁ።»

ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ኪሱ፣ ከዚያ መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

ፍርዱ እኩል በእኩል ሆነ። ግማሹ ጥፋት የኔ፣ ግማሹ የአስተማሪዋ፤ ሁለታችንም የየራሳችንን ወጪ እንድንችል ተወሰነ። ጠበቃው እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለሽ!» አለኝ። ምኑ ነው ደስ የሚለው? የተጨበጠው የሌላ ሰው እጅ ይመስል እጄን አየሁት።

ኮሪደሩ ላይ አባባ ክራባቱን ፈትቶ በእጁ ይዞ ይሄዳል።

«ግማሹ ላንቺ፣ ግማሹ ለእሷ» አለ።

«አዎ።»

«ለእኔ ምንም አልደረሰኝም?»

«አልፈረዱብህም እኮ አባባ! ደስ አይልህም?»

«ልጄ፣ ስንት ዘመን ስለ ሰው ነፍስ ስጠየቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ዳኛ ፊት ቆሜ አጠፋሁ ብል እንኳ የሚጠይቀኝ ልጣ?»

«አንተ እኮ...» ብዬ ጀምሬ ተውኩት። የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ አልተሰማኝም። ለችሎቱ ብዬ ጨርቁን ሁሉ አራግፌ ስለመጣሁ መኪናዋ ባዶ ነበረች። እሷ ጋ ስንደርስ የፊቱን በር ከፈትኩለት። አልፎኝ ሄዶ የኋላውን ከፈተና ገባ።

«አባባ፣ ፊት ና እንጂ።»

«እዚሁ ይሻለኛል» አለ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። «ቤት ስትደርሺ አውርጂኝና ወደ ሥራሽ ሂጂ።»