የኦቦ ጉቱ ሁለት ቃል

ዘይነዲን ለምክር ቤት ከመመረጡ በፊት ሮቤ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። የባሌን መንገድ የሚያውቀው በካርታ አይደለም፤ የትኛው መንገድ በዓመት ስንት ባሌስትራ እንደሚሰብር ጠይቁት፣ ሳያመነታ ይነግራችኋል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ በተቃዋሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሚኒስትሮችን ሲጠይቅም እንደዚያው ነበር። ለአንድ አባል የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። እሱ ሁለቱን እንኳ ሳይጨርስ ነገሩን አፍርጦ ይቀመጣል።

የዚያን ዓመት ቆሽቱን ያሳረረው የዋርቄ ወንዝ ድልድይ ነው። ከሲናና ማዶ ያሉ ገበሬዎች ስንዴያቸውን ወደ ሮቤ የሚያወጡት ይህን ወንዝ ተሻግረው ነው። ድልድዩ ተጀመረ፣ ሁለት ቋሚ ተተከለ፣ ሥራ ተቋራጩ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ በቃ። ሪፖርቱ ላይ ግን «ተጠናቆ አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው! ማዶ ስንዴው በየጆንያው ውስጥ እየበቀለ፣ ወዲህ ሮቤ ላይ የተከፈተው ዱቄት ፋብሪካ እህል አጥቶ በሳምንት ሦስት ቀን ይቆማል። ነጋዴውም በአህያ የሚያሻግረውን እያሻገረ ዋጋውን በደንብ አድርጎ ይቆልላል።

በዚያው መኸር አብዲ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ሾፌር በአይሱዙ ስንዴ ጭኖ ወንዙ ውስጥ ገባ። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ደራሽ መጣና ከነመኪናው ወሰደው። ሬሳው በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

ዘይነዲን ይህን ይዞ ተነሳ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሚኒስትር መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ክቡር አባሉ የሰሙትን የገበያ ወሬ ትተው ማስረጃ ቢያቀርቡ» አሉ። ይኼኔ ዘይነዲን ነደደ።

«ማስረጃ ከፈለጉ ሰው ይላኩ! የሟቹን አባት ኦቦ ጉቱን ይጠይቁ። እሳቸው ያሉትን እኔ ዓይኔን ሳላሽ እቀበላለሁ!»

ኦቦ ጉቱ ማለት ከጎባ እስከ ጊኒር የሚታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ደም የተቃቡ ሰዎች እሳቸው ፊት ሲቀርቡ ሌላው ሁሉ ይምላል፤ እሳቸውን ይማሉ ያላቸው ግን የለም። ቃላቸው ራሱ መሐላ ነበር። ለዘይነዲንም አባቱን ከቀበረ ወዲህ እንደ አባት የቀሩት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

አጣሪ ቡድን ተላከ፣ ተመለሰ። ሚኒስትሩም በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የኦቦ ጉቱ ቃል የተጻፈበትን ወረቀት ዘርግተው ቀስ ብለው አነበቡ።

«ጥያቄ፦ አካባቢው እንዴት ነው? መልስ፦ ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ጥያቄ፦ መንገዱስ? መልስ፦ ይመስገን፣ ደህና ነው። ጥያቄ፦ ልጆችዎስ እንዴት ናቸው? መልስ፦ ሁሉም ደህና ናቸው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አፈ ጉባኤው፣ ክቡር አባሉ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ንግግራቸውን እንዲያርሙ፣ አለዚያ ነገሩ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ እንደሚመራ አስታወቁ። ካረመ ደግሞ የዋርቄ ፋይል ይዘጋል፤ ድልድዩም ወረቀት ላይ ተሠርቶ ይቀራል፣ ሌላ አብዲ እስኪወሰድ ድረስ።

ዘይነዲን የተፈጠረው ነገር ወዲያው ገባው። ባሌ ውስጥ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ነጋ፣ ሰላም ነው። ከብት ቢያልቅም፣ ቤት ቢቃጠልም ነጋ። መጀመሪያ ሰላም ይባላል፣ ከዚያ እንግዳው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ወተቱን ይቀምሳል፤ «እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለቡድኑ አልነገራቸውም። ማን ይናገራል? ውሃ ያረጥባል ብሎ የሚያስጠነቅቅ ሰው አለ? አሁን ግን ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ቢያላትም ደስ ባለው።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሮቤ ገባ። ነግቶ ዋርቄ ሲደርስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በሁለቱ ባዶ ቋሚዎች መሃል ወንዙን ተሻገረ። ኦቦ ጉቱ አጥራቸውን ሲጠግኑ አገኛቸው።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ? ነጋ? አዲስ አበባስ ነጋ?»

«ነጋ፣ ኦቦ። እርስዎስ? ቤቱ፣ ከብቱ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ነጋ።»

ውስጡ እየነደደ እሱም ነጋ አለ። ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ገቡ፣ ተቀመጡ። የኦቦ ጉቱ ሚስት ዙቤዳ ወተት አመጣችለትና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ግማሽ ሰውነቷ አልቋል። ዘይነዲን ወተቱን እስከ አጋማሽ ጠጥቶ ቆየና፣

«ኦቦ፣ እነዚያ ከመንግሥት የተላኩ ሰዎች ምን አሏችሁ?» አለ።

«ምን ይላሉ! ተቀመጡ መቼ? እዚያ ደጅ ላይ ቆመው ሰላም አሉኝ፣ ሰላም አልኳቸው። ከዚያ ወደ መኪናቸው ሄዱ። እኔ ዕቃቸውን ሊያወርዱ መስሎኝ ነበር። ዙቤዳ ፍየል አሳርዳ ነበር። ስንጠብቃቸው መሸ።»

«ልጆችዎ እንዴት ናቸው ብለው ጠይቀዎት ነበር?»

«ጠየቁኝ፤ ደህና ናቸው አልኩ። ታዲያስ? እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ሬሳ አውጥቼ ልጣልበት?»

ዘይነዲን ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ የተነበበውን ወረቀት፣ ሳቁን፣ ሐሙስን፣ የሚፈቀድለትን ሦስት ደቂቃ።  የመለሰችለት ዙቤዳ ናት።

«አብዲ አልሞተም ተባለ? በአባቱ አፍ?» አለችና በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

ዘይነዲን ሥራው ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ ኦቦ ጉቱ ራሳቸው አጽፈው መጀመሪያ የተናገሩትን መሻር አለባቸው። ነገር ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቃሉን የሻረ ሽማግሌ ነገ በደመኞች መሃል ቆሞ ማንን ያስማማል? ይህን ለመጠየቅ የመጣ ሰው ሆኖ፣ ሲደርስ አፉ እምቢ አለው።

«ኦቦ፣ ይቅር። ተሳስቻለሁ ብዬ እተወዋለሁ። የእርስዎን ስም እዚያ አዳራሽ ውስጥ አላስረግጥም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «አርባ ዓመት ይህ ስም ለሰው ልጅ ሲጠቅም ኖሯል። አንድ ቀን ለራሴ ልጅ ይጥቀም። ወረቀት አውጣ።»

አወጣ። ኦቦ ጉቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ማጻፍ ጀመሩ፤ ለተከበረው ምክር ቤት፣ ለመላው አባላት፣ ለቤተሰቦቻቸው ሰላምታ፣ ለአገሩ ዱዓ። ዘይነዲን ጻፈ፤ ሦስት ደቂቃው በዓይኑ እየዞረ ጻፈ፤ አቋርጡ ለማለት ግን አልደፈረም። ገጹ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ራሳቸው ማጻፉን አቆሙ።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚሰጡህ ያልከኝ?»

«ሦስት፣ ኦቦ።»

«ሰርዘው። ሰላምታውን ሁሉ ሰርዘው።»  «እንዲህ በል። ልጄ አብዲ ሞቷል። ዋርቄ ወሰደው። ድልድይ የለም። ለመጡት ሰዎች ደህና ነው ያልኩት እውነት አልነበረም።»

እስክሪብቶውን ሰብረው በቀለሙ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ዙቤዳ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ብዙ ጊዜ አየችው።

ሐሙስ ዘይነዲን ተነሳና አነበበ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ከገዢው ፓርቲ ወንበሮች አንዲት ሴት አንገቷን ደፋች። ለአንድ አፍታ ዘይነዲን የተሳካለት መሰለው።

ሚኒስትሩ ተነሱ። «ለእኚህ አባት ትልቅ አክብሮት አለን» አሉ። «ነገር ግን እንደምታዩት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቃል ሰጥተዋል። ክቡር አባሉ እሳቸው ያሉትን ዓይኔን ሳላሽ እቀበላለሁ ብለው ነበር። የትኛውን ነው የሚቀበሉልን?»

ሳቁ ተመልሶ መጣ፤ ጭብጨባም ተጨመረበት። የዋርቄ ጉዳይ «ተአማኒ ማስረጃ ስላልቀረበበት» ተዘጋ። ዘይነዲን ለኮሚቴ ተመራ። ማታ በሬዲዮ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ሁለት ቃል ስለሰጡ የሲናና አዛውንት ተነገረ። ስማቸውን ከነአባታቸው ጠሩት፤ ያንን እንኳ አላስቀሩም፣ የማይረቡ!

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዘይነዲን ዋርቄን እንደገና ተሻገረ። ኦቦ ጉቱ ቤት አልነበሩም፤ ሽምግልና የሚቀመጡበት ወይራ ሥር ናቸው ተባለ። ሄደ። ከጊኒር በኩል የመጡ ሁለት ቤተሰቦች፣ በግጦሽ ጠብ ከአንዳቸው ወገን ሰው የተገደለባቸው፣ ወዲያና ወዲህ ተፋጠው ቆመዋል። ኦቦ ጉቱ በመሃላቸው ቆመው ይናገራሉ።

«እኔ ሁለት ቃል የሰጠሁ ሰው ነኝ። ሰምታችኋል። የናንተ ነገር ደም ነው፤ በኔ አፍ የታሰረ እርቅ ነገ ይፈታባችኋል።»

«ኧረ ኦቦ፣ እኛ እናውቅዎታለን!» አለ የተገደለው ሰው ወንድም።

«አንተ ታውቀኛለህ። የበደለህ ሰው ልጅ ግን ነገ ሬዲዮውን ይጠቅስብሃል።» ዱላቸውን አንስተው፣ ከጎናቸው ለተቀመጠው ኢዶሳ ለሚባል ጎልማሳ ቦታቸውን ለቀቁለት። ኢዶሳ በሳቸው ቦታ አልቀመጥም ብሎ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

ኦቦ ጉቱ ወደ ዘይነዲን መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከብቱንም፣ አዲስ አበባንም አልጠየቁትም።

«ስሜን ሰጥቼህ ነበር» አሉት። «ምን ገዛህበት?»

ዘይነዲን መንገድ ላይ ያዘጋጀው ነገር ነበር፤ ስለ ኮሚቴው፣ ስለሚቀጥለው በጀት፣ ስለ ፓርቲው መግለጫ። ሁሉም ጠፋበት።

«ምንም፣ ኦቦ» አለ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ወንዙ አቅጣጫ ተመለከቱ።

«ወንበርህን ወሰዱብህ?»

«ገና ናቸው።»

«እንግዲያው ሂድና ደግመህ ጠይቅ። አሁን የአብዲን ስም ያዝ። የኔ አልቋል።»

ይህን ብለው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ሚኒስትር ፊት ድምፁ ተሰብሮ የማያውቀው ዘይነዲን፣ ከነሱፉ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጊኒሮቹ እያዩት አለቀሰ።