በቦሌና በለገሃር መካከል

ናርዶስ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ተጎልቶ ሲጠብቅ ማሰቡ ራሱ ያማታል። ዶሃ ካሉት ሐበሾች ብዙዎቹ ለኢጃዛ፣ ለዓመት ፈቃዳቸው፣ ወደ አገር ቤት ሲሄዱ እሷ ከምትሠራበት ቢሮ ነው ትኬት የሚቆርጡት፤ መንገዳቸውንም የምታያይዝላቸው እሷ ናት። ከአውሮፕላን አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ባቡር፣ አንዱ ሲያወርድ ሌላው እንዲያነሣ አድርጋ ትገጣጥመዋለች። «ሻንጣ መጠበቂያ፣ ፊት መታጠቢያ፣ ከታክሲ ጋር መከራከሪያ፣ ኸላስ፣ በቃ! ከዚህ በላይ የሚቆም ሰው ሥራ ፈት ነው» ትላለች።

ስለዚህ ዘውድነሽ በዚያ የግንቦት ዓርብ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ አል አዚዚያ ሰፈር ናርዶስ ቤት ተቀምጣ የሰማችውን ማመን አቃታት።

«አዲስ አበባ ሦስት ቀን ታድሪያለሽ» አለቻት ናርዶስ።

ዘውድነሽ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷን በሕይወት ማግኘት። እናቷ አበበች የምትኖረው አፍደም ነው፤ በድሬዳዋ መስመር ላይ ያለች፣ ባቡር ካልሆነ ሌላ ነገር እንደልብ የማያደርስባት ትንሽ ከተማ። ከታመመች ወራት ሆኗታል። የዘውድነሽ ታናሽ ወንድም ካሳሁን አዲስ አበባ ነው፤ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ «ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ የለም» ይላት ነበር፣ ቆይቶ ደግሞ «ተሽሏታል፣ ግን ስልክ ቤት ድረስ ለመሄድ አቅም አጣች» ማለት ጀመረ። ዘውድነሽ አል ዋዓብ ባለው ቪላ የአሠሪዋን የማዳምን ልጆች ስታጥብም ስታበላም ሐሳቧ አፍደም ነበር። አሁን ኢጃዛዋ ደርሷል፤ ማዳምም ያለ ወትሮዋ ሳትነጫነጭ ፈቅዳላታለች። የቀረው ከአውሮፕላን ወርዶ ባቡሩ ላይ መድረስ ብቻ ነው።

«ለምንድነው የማድረው?» አለች። «ጠዋት ቦሌ እገባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከለገሃር ባቡር አለ። እሱ ካመለጠኝ ቀጣዩ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።»

«ሻንጣሽ ቢዘገይስ?»

«ሻንጣ አልይዝም። ካሱ በኋላ ያምጣው።»

«አውሮፕላኑ ራሱ ቢዘገይስ?»

«እስከ ከሰዓት ሊዘገይ ነው? ባቡሩስ ቢሆን መቼ በሰዓቱ ተነሥቶ ያውቃል?»

«ዘውዴ፣ ከመንገድ ወርደሽ ዕረፍት ያስፈልግሻል።»

ዕረፍት! ሁለት ዓመት ሙሉ ከማለዳ እስከ ውድቅት ስትቆም ዕረፍት ያስፈልግሻል ያላት አንድም ሰው የለም። ዛሬ ባቡር ላይ ቁጭ ብላ ለመሄድ ዕረፍት አስፈለጋት። ዘውድነሽ ሳቋ መጣ፤ ናርዶስ ግን አልሳቀችም። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ላይ ሳትነቅል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሳይከፈት፣ «ካሳሁንም የሚለው ይሄንኑ ነው» አለች።

«አንቺና ካሳሁን መቼ ተነጋገራችሁ?»

«ያው... ስለ መቀበሉ ነዋ። ቦሌ መጥቶ እንዲቀበልሽ።»

ይህን ብላ ጭማቂ ላምጣ ብላ ተነሣች። ዘውድነሽ መልሱ አልጣማትም። ሆኖም ናርዶስ ጓደኛዋ ናት። ዶሃ የገባች ሰሞን ስታለቅስ ያባበለቻት፣ ዐረብኛ ያስለመደቻት እሷ ናት። እንዲህ ያለች ሰው አትጠረጠርም። የተማረ ሰው የሚያውቀው ነገር አይጠፋውም ብላ ጭማቂዋን ጠጥታ ወጣች።

መንገድ ላይ የታያት የሦስቱ ቀን ነገር ብቻ ነበር። የተሰጣት ኢጃዛ አንድ ወር ነው፤ ከዚያ ላይ አዲስ አበባ የሚባክነው እናቷ አልጋ አጠገብ ከምትቀመጥበት የሚቀነስ ነው። ቪላው ስትደርስ ማዳም ሳሎን ብቻዋን ነበረችና፣ ጭቅጭቁን በሆዷ አዘጋጅታ ገባች። ማዳም እኮ ግማሽ ቀን ለመስጠት ሦስት ጊዜ የምታስለምን ሴት ናት።

«ማዳም፣ ሦስት ቀን ጨምሪልኝ። አዲስ አበባ ማደር አለብሽ ብለውኛል።»

ማዳም አልተቆጣችም። እጇን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «አንድ ሳምንት ውሰጂ» አለቻት በዐረብኛ። «ለሐዘንተኛ ሦስት ቀን ምን አላት? እናትሽን አላህ ይርሐማ።»

ዘውድነሽ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ይህ ቃል ለበሽተኛ አይባልም። ማዳም ስለ አባቷ ስታወራ ነው እንዲህ የምትለው፤ አባቷ ደግሞ ከሞቱ ቆይተዋል።

«ማዳም፣ እናቴ እኮ ታማ ነው። አልሞተችም።»

ማዳም ፊቷ ተለዋወጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራተኛዋን የምትፈራ መሰለች። «እስካሁን አልነገሩሽም? ኢጃዛ ስትጠይቂኝ ነግረውሽ ነው ብዬ ነበር። ጓደኛሽ በብርዱ ጊዜ ደውላ እናቷ በጠና ታማለች፣ ትለቂያታለሽ ወይ አለችኝ። ያላ፣ ዛሬውኑ ትሂድ አልኳት። ከዚያ ጠፋች። ሁለት ሳምንት ቆይታ ደወለችና ሞታለች፣ እስክንነግራት እንዳትነግሪያት አለችኝ።»

ዘውድነሽ የሦስቱ ቀን ትርጉም ወዲያው ገባት። አገሯ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በተለይ ባሕር ማዶ ብቻውን ላለ ሰው። ዘመድ ተጠራርቶ፣ ገና ሲነጋ፣ ነጠላ ዘቅዝቆ በር ያንኳኳል። ከቦሌ ተቀብለው፣ አብልተው፣ አሳድረው ሊያረዷት ነበር። ናርዶስ ለዚያ ነው በአውሮፕላኑና በባቡሩ መካከል ሦስት ቀን የሰነቀረችው። ደግ ሥርዓት ነው ይባላል። ዘውድነሽም ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን አልቅሳ፣ ተቆጥታ፣ በመጨረሻ ይቅር ባለች ነበር።

አንጀቷን ያሳረራት ግን «ዛሬውኑ ትሂድ አልኳት» የሚለው ነው። ማዳም ይህን ስትል እናቷ በሕይወት ነበረች።

ነጠላም ሳትደርብ፣ የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። ከአል ዋዓብ አል አዚዚያ በዚያ ፀሐይ በእግር የሚሄድ ሰው የለም፤ ባለመኪኖች ፍጥነት እየቀነሱ ያዩዋት ነበር። ለፋሲካ ስትደውል ካሳሁን «እናቴ እሾህ አይውጋሽ ብላ መርቃሻለች» እንዳላት ትዝ አላት። እሷም ስልኩን ይዛ አሜን ብላ ነበር፤ ጎንበስ ብላ፣ እናቷ ፊት እንዳለች ሁሉ። ያን ጊዜ እናቷ ከተቀበረች ወራት አልፏታል። ምርቃቱን ያወጣው ካሳሁን ከራሱ ነው። እንዴት አፉ ቻለ?

ናርዶስ በሩን ከፍታ የዘውድነሽን ፊት ስታይ ከበሩ ፈቀቅ አለች።

«ማዳም ትሂድ ስትልሽ እናቴ አልሞተችም ነበር» አለች ዘውድነሽ፣ የበሩ ደፍ ላይ እንደቆመች። «አዎ ወይስ አይደለም?»

«ግቢና ልንገርሽ።»

«እዚሁ ንገሪኝ።»

«ካሳሁን ነው ቆዪ ያለኝ። ትድናለች፣ አታስደንግጫት አለኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እኔ በመካከላችሁ ምን ልበል?»

«ትኬት ነበረ?»

ናርዶስ አቀረቀረች። «ነበረ። በማግስቱ የሚሄድ ይዤልሽ ነበር።»

«ባቡሩስ?»

«እሱንም አይቼው ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ይደርስልሽ ነበር። ካሳሁን ሲል ሰረዝኩት።»

ዘውድነሽ ገፍታት ገባች። «ደውይለት» አለች። «እኔ ነኝ እንዳትይው።»

ካሳሁን ስልኩን አንሥቶ የእህቱን ድምፅ ሲሰማ፣ ለቅሶዋንም ሲሰማ፣ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማን ነገረሽ?» የሚል ነበር። እህቴ እግዜር ያጽናሽ አላላትም፣ ይቅር በዪኝም አላላትም። ማን ነገረሽ!

«እኛ ላንቺ ብለን ነው ዘውዴ» አለ ቀጥሎ። «ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚ ብለን ነው። ሁሉም ተሰናድቷል፤ አክስቶቻችን ከናዝሬት ይመጣሉ፣ ሰው ተጠርቷል። እባክሽ በዚያው ቀን ባቡር እንዳትሄጂብኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«የሰውን ነገር ተወው። በጠና ስትታመም ለምን አልነገርከኝም?»

«ትድናለች ብዬ ነዋ! መጥተሽ ብትድን በከንቱ ኢጃዛሽን ትጨርሺ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ቤታችን ልምጣ ስትዪ...»

«እኔን ጠይቃለች?»

ካሳሁን ስለ ኢጃዛው ማውራቱን ቀጠለ።

«ካሱ፣ እናቴ እኔን ጠይቃለች ወይ?»

«በየቀኑ።»

«ምን አላችኋት?»

«እኔም አፍደም ወርጄ አብሬያት ነበርኩ፤ እየመጣች ነው አልናት። ምን እንበላት? ደስ ይበላት ብለን ነው። አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለች፣ አዞርንላት። ባቡሩ መጥቶ ሳትወርጂ ስትቀሪ፣ አውሮፕላኑ ዘግይቶባት ባቡሩ አመለጣት፣ በሚቀጥለው ትመጣለች አልናት።»

«በሚቀጥለውስ?»

«አሁንም አመለጣት አልናት።»

ናርዶስ ከጥግ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ዘውድነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ቃል በቃል፣ ሕፃን እንደምታናግር ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«እሷ ምን አለች?»

«ተዪው ዘውዴ፣ የታመመ ሰው ነው...»

«ምን አለች?»

ካሳሁን ቢቸግረው ተቆጣ። ሲቆጣ ደግሞ ድምፁ የልጅ ድምፅ ይሆናል። «እኔ ምን ላድርግ! የባቡር ሰፈር ልጅ ሁለት ጊዜ ባቡር አያመልጣትም አለች። መምጣት ስላልፈለገች ነው፣ ተዉአት፣ አትለምኗት አለች። አልጋውን መልሱልኝ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ በኋላ ስምሽን አንሥታ አታውቅም።»

ዘውድነሽ ያን ጊዜ ጮኸች። ከፎቁ ላይ የሚኖሩት ፊሊፒናውያን ሴቶች ደንግጠው በራቸውን ከፍተው ወጡ፤ ደረጃው ላይ ቆመው ወደ ታች ያዩ ጀመር። እሷ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ደረቷን ትመታለች። ስልኩ ከእጇ ወድቆ ካሳሁን አሁንም ስለ አክስቶቹ የሆነ ነገር ይናገራል። በዚያ ቤት አብሯት የሚያለቅስ ሰው ከናርዶስ በቀር አልነበረም። ናርዶስም እያለቀሰች ልትይዛት ስትጠጋ፣ ዘውድነሽ በክርኗ እየገፋች አላስጠጋ አለቻት።