ቁልፉ የሚያድርበት ቤት

ወረዳው ሠራተኛውን ደባልቄን የላከው ቁልፉን ይዞ እንዲመለስ ነበር። ኢንዓም ይህን የጠረጠረችው የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ አልነበረም። ከደባልቄ ጀርባ ጣሀ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ ተፈናጦ ስታየው ነው። ጣሀ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ለተራ ስብሰባ ልብስ አይቀይርም።

ቁልፉ የቦኖው ቁልፍ ነው። ከሆሞሻ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በዚህች መንደር ያለው የውሃ ቦኖ አንድ ብቻ ነው። አራት ቧንቧ፣ ዙሪያውን የሽቦ አጥር፣ አጥሩ ላይ የብረት በር አለው። በሩን የሚከፍት ሰው ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ፣ ማን ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደሚውል፣ ማንስ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ወንዝ እንደሚወርድ ይወስናል። ቁልፉ ጣሀ እጅ በነበረ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠጡት የጣሀ ከብቶች ነበሩ። ቀጥሎ ዘመዶቹ፣ ከዚያ ከእሱ ጋር ያልተጣላ ሁሉ ይቀዳል። ኢንዓም ጎረቤቱ ናት፤ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ስለነበር አንድ በጋ ሙሉ ወንዝ ስትወርድ ከረመች። ትንሿ ልጇ በሆድ ሕመም አልጋ ላይ የወደቀችውም በዚያ በጋ ነው።

ባለፈው ዓመት የውሃ ኮሚቴ ይመረጥ ሲባል ሴቶቹ ተነሥተው ከኢንዓም ኋላ ተሰለፉ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር የቆጠረው የለም። እሷም ሰብሳቢ በሆነች ማግሥት ማንም ያላሰበውን አደረገች፤ ቁልፉን ለራሷ አላስቀረችውም። ከመንደሩ ታችኛው ጫፍ ጀምሮ በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት እንዲዞር አደረገች። ቁልፉ ያደረበት ቤት ጠዋት ይከፍታል፣ ተራ ያስከብራል፣ ማታ ይዘጋል፤ ሳምንቱ ሲሞላ ለጎረቤቱ ያስረክባል። ለእሷ ሰላምታ የማይሰጡ ሰዎች ሳይቀሩ ቁልፍ አሳድረዋል። በዚህ ሳምንት ተራው የራሷ ስለነበር ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሰው ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። ኢንዓም ለእንግዳው በርጩማ አቀረበችና በአማርኛ፣ "አቶ ደባልቄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። አንቺ እዚህ ተቀመጪ፣ ጥላ ነው" አለችው።

ጣሀ ሳቀባት። "አንቺ አይባልም፣ ወንድ ነው! ለእንግዳ ደግሞ እርስዎ ነው የሚባለው።" ጣሀ አሶሳ ተምሯልና በአማርኛው ይኮራል።

"አውቃለሁ" አለች። እውነትም ታውቃለች፤ አፏ ላይ ሲደርስ ግን ይገለበጥባታል። በበርታ ቋንቋ እሱም እሷም አንድ ቃል ነው፤ አንተና አንቺም እንደዚያው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን ሰው ብላ ስትጠራ ኖራ፣ አማርኛ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ወንድና ሴት ለዪ መባሏ ይደንቃታል።

"ግድ የለም" አለ ደባልቄ እየተቀመጠ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። "እናቴም ስታቆላምጠኝ አንቺ ነው የምትለኝ።"

ከዚያ ግን ጉሮሮውን ጠረገና የመጣበትን ተናገረ። ቁልፉ ቤት ለቤት መዞሩን ወረዳው አልወደደውም። ኃላፊነቱ በአንድ እጅ ይሁን፣ ቀበሌው ይረከብ ተብሏል። የኮሚቴው ጸሐፊ ሀዲል በዝግታ ወደ በርታ መለሰችው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የመጣች ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው።

"መንግሥት ቤት ለቤት ሲዞር የት ታይቷል?" አለ ጣሀ።

"ለምን አይዞርም? እግር የለውም?" አለች ኢንዓም።

ሴቶቹ ሳቁ። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ አብዱልረሂም በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። "እኔ ብዙ ዓይነት ሁኩማ አይቻለሁ" አሉ፣ መንግሥቱን በአረብኛው ስም ጠርተው። "በልጅነቴ አንድ ሰው ያዛል፣ እኛ እንታዘዛለን። ክፉ ነበር፤ ግን ማታ ማንን እንደምንረግም እናውቅ ነበር። ኋላ በእናንተ ስም ነው የምናዘው የሚሉ መጡ፤ እነሱን ስንረግም ራሳችንን የረገምን መሰለን። ይሄ የኢንዓም ደግሞ ለእርግማንም አይመችም። ዛሬ ብረግማት፣ ተራዬ ሲደርስ ቁልፉ እኔው ቤት ይመጣል።"

ጣሀ ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቀም። "የኮሚቴው ደንብ ይነበብ! ሀዲል፣ ስለ ሰብሳቢው የሚለውን አንብቢ።"

ሀዲል አነበበች። "ሰብሳቢው በጠቅላላ ጉባኤ ይመረጣል፤ የቦኖውን ቁልፍ በኃላፊነት ይይዛል።"

"ሰማችሁ? ሰብሳቢው! ሰብሳቢዋ አላለም። ይይዛል እንጂ ትይዛለች አላለም። አምና እሷ የተመረጠችው በስሕተት ነው። ተርጉሚላቸው።"

ሀዲል ተረጎመች። በበርታ ሲወጣ ግን ሰብሳቢ የሆነ ሰው ይመረጣል፣ ያ ሰው ቁልፍ ይይዛል ሆነ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። "ልክ ነው፣ ኢንዓም ማለት ነው" አሉ ከኋላ።

"በደንብ ተርጉሚ እንጂ! እሱ ነው ያለው፣ እሷ አላለም!"

"በበርታ እንዴት እንደምለው አንተ ንገረኝ" አለች ሀዲል ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል።

ጣሀ በበርታ ሁለቴ ጀመረ፤ ሁለቴም ያው አንዱ ቃል ወጣው። ደባልቄ ጫማውን ያይ ነበር። በአማርኛ ሕግ እንዲህ ሲጻፍ ሴትንም ወንድንም እንደሚጨምር ያውቃል፤ ግን የተላከ ሰው ነው።

"ቀጥሎ ያለውን አንብቢ፣ ልጄ" አለች ኢንዓም።

"ውሃ ቀጂው ተራውን ይጠብቃል፤ ጀሪካኑን አጥቦ ይመጣል።"

"ቀጂዋ አላለም?"

"አላለም፣ አክስቴ።"

ኢንዓም ወደ ወንዶቹ ዞረች። "እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው። ከነገ ጀምሮ ውሃ የሚቀዳው ወንድ ነው። ጣሀ፣ ጀሪካንህን አጥበህ ና።"

ማንጎው ሥር የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሼሁ ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉ። ጣሀ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ መዳፉን ዘረጋላት።

"ቀልዱ ይበቃል። አምጪ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ደባልቄም ተነሣ። "ወይዘሮ ኢንዓም፣ እውነቱን ልንገርዎት" አለ ቀስ ብሎ። "ካላስረከባችሁ፣ ቧንቧ ሲሰበር ባለሙያ አንልክም ብለዋል። እኔ አላልኩም፤ እነሱ ናቸው።"

ሀዲል ተረጎመች። ለኢንዓም ወንዙ ታያት፤ ቁልቁለቱ፣ ከብት የረገጠው ዳር፣ የልጇ የገረጣ ፊት። ክሩን በጣቷ ይዛ ሰዉን አየች። አንዳቸውም ስጪው አላሉም። አትስጪውም አላሉም፤ እሷን ብቻ ያዩ ነበር።

"ቧንቧው ይሰበር ይሆናል" አለች። "ያኔ ሁላችንም ወንዝ እንወርዳለን፤ የጣሀም ቤት ይወርዳል። ድሮ የምወርደው እኔ ነበርኩ፣ ብቻዬን። ይህን ቁልፍ ወረዳ አልሰጠኝም። እናንተ ናችሁ የሰጣችሁኝ። እናንተ አምጪ ካላችሁ አሁን አወልቀዋለሁ።"

ከዚያ አንዲት ሴት ጀሪካኗን ገልብጣ ተቀመጠችበት፤ ጎኗ ያለችውም እንደሷ አደረገች። እስኪመሽም ቢሆን የምንነሣ አይደለንም የሚል አቀማመጥ ነበር። ወንዶቹም ጥቂት ቆይተው ተቀመጡ። ከኢንዓም ሌላ የቆሙት ጣሀና ደባልቄ ብቻ ሆኑ።

ኢንዓም ወደ አማርኛ ተመለሰች። "አቶ ደባልቄ፣ ጻፊ። ኢንዓም እምቢ አለ ብለሽ ጻፊ።"

"አለች! አለች ነው የሚባለው!" ጮኸ ጣሀ።

"አለ ይሁን አለች፣ እምቢው አንድ ነው።"

ደባልቄ እስክሪብቶውን አወጣ። የሚለውን ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "ይሄው ነው የምወስደው" አለ። "መልሱ ጥሩ እንደማይሆን ግን ዕወቁት።"

"ይምጣ" አለች ኢንዓም።

ጣሀ የዘረጋውን እጁን ወደ ጀለቢያው ኪስ ከተተ። ኢንዓም አሁን በበርታ፣ እንደ ጎረቤት ተናገረችው። "ነገ የእኔ ሳምንት ይሞላል። ቀጣዩ ቤት የእናንተ ነው። ቁልፉን ነገ ማታ አመጣዋለሁ፤ እንደ ማንም ሰው ሳምንት ታሳድሩታላችሁ።"

"በተራ? እኔ? አልቀበልም!"

"እኔ እቀበላለሁ።"

ድምፁ የመጣው ከሴቶቹ መሐል ነበር። የጣሀ ሚስት ዐፊፋ ናት። ጀሪካኗ ላይ እንደተቀመጠች ባሏን ሳይሆን ኢንዓምን እያየች፣ "ቤቱ የእኔም ነው። ከመግሪብ ሶላት በፊት አምጪው፤ ጠዋት ቀድሜ ልከፍት ነው" አለች።