ወረቀቱ ላይ ያለው ስም

ዘመነ መጀመሪያ ያየው ፊቴን ሳይሆን መዳፌን ነበር። እያገላበጠ፣ በአውራ ጣቱ ጫን እያለ የማጭድ ቁስል ፈለገ።

«ሰባት ቀን ሙሉ ታመምኩ ትላለህ። በኅዳር። ጤፍ ሲደርስ የዚህ ፋብሪካ ሰው ሁሉ ይታመማል።»

«ጠበል ነበርኩ፣ ጋሼ ዘመነ።»

ዘመነ የዱቄት ፋብሪካችን የፈረቃ አለቃ ነው። እኔ ከማሽኑ አፍ ሥር ጆንያ እሞላለሁ። ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዱቄቱ ሲቦን ደመና ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሳሉ ሲጀምረኝ ደመናው ደረቴ ውስጥ ገባ። የቀን ሠራተኛ ስለሆንኩ ፋብሪካው አያሳክመኝም። የጤና መድኑ ደብተር ይጁቤ ያለችው እናቴ ዘንድ ነው፤ እኔ ለአካለ መጠን ስደርስ ከደብተሩ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ከአምበር ወረድ ብሎ ወዳለው ጠበል ሄጄ ተጠመቅኩ። ሳሉ ረገበልኝ።

በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ ግን ማኅተም ያለበት ማስረጃ ሳያመጣ ከሦስት ቀን በላይ የቀረ ሠራተኛ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል ይላል። ከጠበሉ ቄስ ለምኜ ያጻፍኩትን ወረቀት ሰጠሁት። ዘመነ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። ጣቱን በምላሱ አርጥቦ ማኅተሙን አሸት አደረገው። ቀለሙ አልለቀቀም፤ ቅር ያለው መሰለኝ።

«ወልደ ሰንበት ማነው?» አለ።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ጠበል ቦታ ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ቄሱ የሚያውቁትን ጻፉ፤ እኔ ደግሞ ማኅተሙን እንጂ ስሙን ልብ አላልኩም።

«እኔ ነኝ። የክርስትና ስሜ ነው።»

«እኔ የማውቅህ እንዳላማው ስትባል ነው። የሌላ ሰው ወረቀት አለመሆኑን በምን ልወቅ?»

ጆንያ የምትሰፋው የብርጓል ቀና አለች። «የሴት ስም ያለበት ይዞ አለመምጣቱን ተመስገን ይበሉ፣ ጋሼ።»

ከእሷ ጀርባ፣ በእኔ ቦታ፣ የማላውቀው ሰውዬ ጆንያ ይሞላል። አፍንጫው የዘመነን አፍንጫ ይመስላል። ወይም እኔ ጠርጥሬ ይሆናል።

«እናትህ ታውቀዋለች አይደል? ቁጥሯን አምጣ። አንተ ግን ቃል እንዳትተነፍስ» አለና ደወለ። እንድንሰማው የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«እናቴ፣ የእንዳላማው አለቃ ነኝ። እሱ ደህና ነው፣ አይደንግጡ። የክርስትና ስሙን እስቲ ይንገሩኝ።»

እኛ ቤት ይህ ስም ከነፍስ አባት በቀር ለማንም አይነገርም። ስም የያዘ ሰው ያስደግምበታል ትላለች እናቴ።

«ለምንዎ ነው?» አለች።

«ለሥራ ነው። ወልደ ሰንበት ይባላል?»

«አይባልም። እንዲህ የሚባል እኔ ቤት የለም፣ ጌታዬ።»

«እማዬ» ማለት ስጀምር ዘመነ ዘጋው። ወረቀቱን አጣጥፎ ራሱ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

«ለባለቤቱ መልስለት» አለኝ።

ከግቢው ወጥቼ አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች።

«ልጄ፣ ተጠንቀቅ። አንድ ሰውዬ ደውሎ ስምህን ሊያወጣጣኝ ነበር። ከማን እንደሰማው እንጃ፣ ጠራው እኮ። ሥራህን የተመኘ ምቀኛ ይሆናል። አይዞህ፣ ካድኩት።»

«ደግ አደረግሽ፣ እማዬ» አልኳት።