የጋለ ጉልበት አይታሽም

«በሐዘንሽ ላይ ማስቸገሬ ነው» አለ ሱሩር፣ በሚስቱ በፈቲያ ትከሻ እንደተደገፈ። የሰፈሩ ብረት በያጅ ነው። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሱሪውን ሰብስቦ ያበጠ ጉልበቱን ለብርቅዬ አሳያት። «ከመሰላል ከወደቅኩ አምስት ቀኔ። የአባትሽ እጅ አንቺ ጋ ነው ሲሉ፣ ብታሺልኝ ብዬ ነው።»

አባቷ ኦቦ ጉታ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሰበታ ላይ አርባ ዓመት ስብራትና ወለምታ ያቃኑ ወጌሻ ነበሩ፤ ሙያውንም ለእሷ አስተምረዋታል። ብርቅዬ የእጇን ጀርባ ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። ይፋጃል።

«ብርድ ብርድ ይልሃል?»

«ያንቀጠቅጠኛል እንጂ።»

«አላሸውም። ይሄ ወለምታ አይደለም፣ መገጣጠሚያው መግል ይዟል። ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለብህ።»

ከኋላ ሹክሹክታ ተነሳ። «አባቷም መጨረሻ ላይ ሰው መመለስ አብዝተው ነበር» አለች አንዷ። «እጃቸው ከድቷቸው ነው።»

ብርቅዬ ሰምታለች፤ ሰው የሚመልሱበትን ምክንያት ግን ታውቃለች። አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ከተፍኪ አንድ ገበሬ ቅልጥሙ አብጦና ግሎ መጣ፤ አባቷም ቅቤ ቀብተው ሦስት ቀን አሹት። መግሉ አጥንቱ ውስጥ ነበር። እግሩ ተቆረጠ። ኦቦ ጉታ ሆስፒታል ሄደው አልጋው አጠገብ ቆሙና «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ የጋለ እግር ሲመጣባቸው በሽተኛውን ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ያደርሱ ነበር። እጃቸው ከዳቸው ቢባልም ይህን አልተዉም።

«ሄጄ ቢቆርጡኝስ?» አለ ሱሩር።

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሽማግሌ በክራንች ተነሱ። ያ የተፍኪ ገበሬ፣ አቶ ኪዳነወልድ ናቸው።

«የኔ እግር ታሽቶ ነው የቀረው» አሉ። «ጉታ ከዚያ በኋላ ሳይጠይቀኝ ያለፈ ፋሲካ የለም። ልጄ፣ የምትልህን ስማ።»

ብርቅዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ፈቲያ፣ በዚያ በኩል ያዥው። አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

«ለቅሶ ጥለሽ?» አሉ አክስቷ።

«አባዬ ቢኖር ይሄድ ነበር።»

አመሻሹ ላይ ሐኪሙ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጣ። መገጣጠሚያውን ከፍተው አጥበውታል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ እግሩ ይድናል። «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አስቸጋሪ ነበር» አለ። «ወደዚህ የላከው ማን ነው?»

«ኦቦ ጉታ» አለች ብርቅዬ።

ፈቲያ ባሏን ለማየት ገባች። ብርቅዬ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠችና፣ አባቷ አጠገቧ የሚቀመጡ ይመስል ወደ ዳር ፈቀቅ ብላ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተወች።